ከባድ ኢንፍሉዌንዛ በያዘው ሰው ሳንባ ውስጥ አስፐርጊለስ ሲገኝ፦ ያረፈ ነው ወይስ የወረረ?

ጥያቄው የመጣው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚሠሩ ሐኪም ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ከስኳር ሕመም በቀር የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክም ሌላ ችግር ያልነበረባቸው ሰው፣ በኢንፍሉዌንዛ ኤ ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዱ ነው። በአራተኛው ቀን ትኩሳታቸው አገረሸ፣ የኦክስጅን ፍላጎታቸውም ጨመረ፤ አንቲባዮቲክ ቢቀየርላቸውም ለውጥ አልታየም። በቱቦው በኩል ተስቦ በወጣው አክታ ላይ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው የሻጋታ ፈንገስ በቀለ፤ የፈንገሱን ግድግዳ ስኳር በደም ውስጥ የሚፈልገው የጋላክቶማናን ምርመራ ግን ኔጌቲቭ ሆነ፤ ሲቲ ስካኑም በመማሪያ መጻሕፍት የምናውቀውን የፈንገስ ምልክት አላሳየም። ጠያቂው ማወቅ የፈለጉት ሁለት ነገር ነው፦ ይህን የካልቸር ውጤት ከአየር ቧንቧው ላይ ያረፈ ፈንገስ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል ወይ? የጋላክቶማናን ምርመራ በሌለበት ሆስፒታል የሚሠሩ ባልደረቦችስ ምን ያድርጉ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ማለፍ አይቻልም ነው። በእኚህ ሕመምተኛ ላይ ነገሩን የሚያጣራው ብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ አስገብቶ ማየት ነው፤ እሱም ዛሬውኑ ቢሠራ ይመረጣል፤ የሳንባ እጥበት ናሙና ከተወሰደ በኋላም ውጤቱ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መጀመር አለበት። ኔጌቲቩ የደም ምርመራና ምልክት አልባው ሲቲ ስካን ጥርጣሬውን የማያስቀሩበትን ምክንያት ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ።

ብዙዎቻችን ወራሪ አስፐርጊሎሲስን፣ ማለትም ፈንገሱ ሥጋ ውስጥ የሚገባበትን በሽታ፣ የተማርነው ከደም ካንሰርና ከመቅኔ ንቅለ ተከላ ሕመምተኞች ነው። እነዚህ ሰዎች ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው ያለቁባቸው በመሆናቸው ፈንገሱ የደም ሥሮችን በፍጥነት ይበሳል፤ በደም ውስጥ ጋላክቶማናን ይገኛል፤ በሲቲ ስካን ላይም በዙሪያው ደብዘዝ ያለ ቀለበት የከበበው እብጠት ይታያል። ለምርምር ሥራ የወጡት የአውሮፓና የአሜሪካ መስፈርቶችም በዚሁ ሥዕል ላይ የተገነቡ ናቸው። ሕመምተኛው ከተዘረዘሩት የበሽታ መከላከል ድክመቶች አንዱ ከሌለበት፣ ሌላው ምልክት ሁሉ ቢሟላ እንኳ፣ «ሊሆን ይችላል» ወደሚለው ደረጃ አይገባም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ2012 ለጽኑ ሕሙማን ተብሎ ሌላ ቀመር ወጣ። እሱ ግን ከታችኛው የመተንፈሻ አካል በተወሰደ ናሙና ላይ አስፐርጊለስ መብቀሉን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ስለሚያደርገው፣ ካልቸር ያመለጠውን ሕመምተኛ እርሱም ያመልጠዋል፤ ካልቸር ደግሞ ከታመሙት መካከል ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው።

በኢንፍሉዌንዛ ረገድ ዓይናችንን የከፈተልን በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ሰባት የጽኑ ሕክምና ክፍሎች ከ2009 እስከ 2016 የታከሙ 432 ከባድ የኢንፍሉዌንዛ ሕመምተኞችን መርምሮ በ2018 የታተመው ጥናት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 19 በመቶው ወራሪ አስፐርጊሎሲስ ነበረባቸው። ከዚያ ቀደም የበሽታ መከላከል ድክመት በሌለባቸው ሰዎች ዘንድ እንኳ መጠኑ 14 በመቶ ደርሷል። በ90 ቀናት ውስጥ፣ ፈንገሱ ከተገኘባቸው 51 በመቶው፣ ካልተገኘባቸው ደግሞ 28 በመቶው ሞተዋል። በሽታው የታወቀውም በአብዛኛው ወደ ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ፖሳኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ በመከላከያነት ለመስጠት የተሞከረበት ተከታይ ጥናትም ይህንኑ አጠናክሮታል፤ ፈንገሱ ከተገኘባቸው ታማሚዎች አብዛኞቹ በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ስለታወቀባቸው መከላከያው ሥራውን የሚጀምርበት ጊዜ እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ የእርስዎ ሕመምተኛ በአራተኛው ቀን አስፐርጊለስ ማብቀላቸው ከበሽታው ጠባይ ጋር በትክክል ይገጥማል።

ለምን እንዲህ ይሆናል የሚለውን ማወቅ ምርመራውን ለማንበብም ይጠቅማል። ሁላችንም በየቀኑ የአስፐርጊለስን ስፖር (በአየር የሚበተን ዘር መሰል ብናኝ) እንተነፍሳለን። ጤነኛ ሰው የአየር ቧንቧውን በሸፈኑት ሴሎች፣ አቧራ በሚጠርጉት ሽፋሽፍቶችና ስፖሩን በሚውጡት ማክሮፋጆች አማካይነት ያስወግደዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ይህን ሽፋን ልጦ ያነሳዋል፤ ፈንገስን የሚገድሉትን ሴሎችም የመግደያ ኃይላቸውን ያዳክምባቸዋል። በዚህ ላይ ስቴሮይድ ሲታከል ጉዳቱ ይብሳል፤ በዚያው የኔዘርላንድስና የቤልጂየም ጥናት ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት ኮርቲኮስቴሮይድ መውሰዳቸው ለፈንገሱ ካጋለጧቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ወረራው የሚጀምረው ከተላጠው የአየር ቧንቧ ግድግዳ ነው። ፈንገሱ ወደ ደም ሥር የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ የኒውትሮፊል ቁጥር ሳይጎድል ደግሞ ወደ ደም የሚያመልጠውን ጋላክቶማናን እነዚሁ ሴሎች ያጸዱታል።

ኔጌቲቭ የደም ጋላክቶማናን እርስዎን ሊያሳምን የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው። በኢንፍሉዌንዛ ሕመምተኞች የደም ምርመራው ከታመሙት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ያሳያል፤ በኮቪድ-19 ሕመምተኞች ደግሞ አምስት ታማሚ ቢኖር አንዱን ብቻ ሊይዝ ይችላል። በሌላ አቅጣጫ ግን ትልቅ ክብደት አለው። የደም ጋላክቶማናን 0.5 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ፈንገሱ የደም ሥር መድረሱን ስለሚያመለክት፣ ብሮንኮስኮፒ ባይሠራም እንኳ ሕክምና ለመጀመር ይበቃል፤ የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑንም ይጠቁማል።

ስለ ሲቲ ስካኑም ተመሳሳይ ነገር መባል አለበት። በኢንፍሉዌንዛ ወይም በኮቪድ ሁለቱም ሳንባዎች በነጭ ጥላ በተሸፈኑበት ሰው ላይ የፈንገሱን ጥላ ከቫይረሱ ጥላ መለየት በአብዛኛው አይቻልም። አዲስ ዋሻ ከታየ፣ ወይም ወሰኑ በግልጽ የተለየ እብጠት ከወጣ፣ ጥርጣሬዬን በብዙ እጥፍ ከፍ አደርጋለሁ። አለመታየቱ ግን ፈንገስ የለም አያሰኝም። በተለይ ወረራው በአየር ቧንቧው ብቻ የተወሰነ ከሆነ ሲቲ ስካኑ ምንም አዲስ ነገር ላያሳይ ይችላል።

ብሮንኮስኮፒ ላይ አጥብቄ የምቆምበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። ብዙ ሐኪሞች ብሮንኮስኮፒን ናሙና መቅጃ አድርገው ብቻ ያዩታል፤ እኔ ግን በዓይን የሚታየው ነገር ከናሙናው እኩል ዋጋ እንዳለው አምናለሁ። በትራኪያና በብሮንከስ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ወይም ቢጫ ንጣፎች፣ ሲነኩ የሚደሙ የሐሰት ሽፋኖች፣ ቁስሎች ወይም የሞተ ሥጋ ከታየ ይህ አስፐርጊለስ ትራኪዮብሮንካይተስ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የከፋው መልክ ይህ ስለሆነ፣ ለዚህ ዓይነቱ በ2020 በወጣው የኢንፍሉዌንዛ አስፐርጊሎሲስ የባለሙያዎች ስምምነት ውስጥ ራሱን የቻለ ምድብ ተሰጥቶታል። በአክታ መሳቢያ ብቻ የሚሠራ ክፍል ይህን ቁስል ፈጽሞ አያየውም። ንጣፍ ከታየ ከዚያው ላይ በብሩሽ ወይም በባዮፕሲ ናሙና መውሰድ ይገባል፤ የሚደማ ሕመምተኛ ከሆነና የፕላትሌት ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ በብሩሽ መወሰን ይሻላል።

አሠራሩን በተመለከተ፦ ሕመምተኛው ብሮንኮስኮፒውን መሸከም ይችሉ እንደሆነ አስቀድሞ መመዘን ያስፈልጋል። ሙሉ ኦክስጅን ይሰጥ፣ ማደንዘዣው ይጠናከር፣ ቱቦው ለብሮንኮስኮፑ በቂ ስፋት ያለው ይሁን፣ ሥራውም በአጭር ጊዜ ይለቅ። ሲቲ ስካኑ በይበልጥ የተጎዳ ብሎ በሚያሳየው ክፍል ውስጥ ጨዋማ ፈሳሽ ከፋፍሎ በማስገባት መልሶ መሳብ ይበቃል። ናሙናው ለቀጥተኛ ማይክሮስኮፕ፣ ለባክቴሪያና ለፈንገስ ካልቸር፣ ለጋላክቶማናን፣ ካለም ለአስፐርጊለስ ፒሲአር ይከፈል። የሳንባ ነቀርሳ በብዛት ባለበት አገር የምንሠራ ከሆንን ከዚያው ናሙና ላይ የነቀርሳ መመርመሪያውን ጂንኤክስፐርት ማሠራት ሳይረሳ መታዘዝ አለበት፤ ሁለት በሽታዎች በአንድ ሳንባ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉና።

ውጤቱ ሲመጣ እንዴት ይነበባል? በሳንባ እጥበት ናሙና ላይ ጋላክቶማናን 1.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሕመምተኛው ሁኔታና ከምስሉ ጋር ተደምሮ «ሳይሆን አይቀርም» ወደሚለው ደረጃ ያደርሳል። ከእጥበት ናሙናው አስፐርጊለስ በካልቸር ቢበቅልም እንዲሁ ነው። ለኮቪድ በ2020 መጨረሻ በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ፒሲአር በእጥበት ናሙና ላይ ከ36 ዑደት በታች (ዑደቱ ሲያንስ ፈንገሱ ብዙ ነው ማለት ነው) ፖዘቲቭ ቢሆን ብቻውን እንደ ማስረጃ ይቆጠራል፤ እኔ ግን ጋላክቶማናንና ካልቸር ሁለቱም ኔጌቲቭ ሆነው ፒሲአር ብቻውን ፖዘቲቭ የሆነበትን ሕመምተኛ በጥርጣሬ እይዘዋለሁ እንጂ አልደመድምም። ምክንያቱም ፒሲአር ያረፈውን ጥቂት ስፖርም ያገኛል፤ የፈንገስን ወረራ ከፈንገስ መኖር አይለይም። ዋጋው የሚጎላው ከሌላ ፖዘቲቭ ውጤት ጋር ሲገጥም ነው፤ ሁሉም ኔጌቲቭ ሲሆኑ ደግሞ ልብን ለማሳረፍ በጣም ይረዳል። «የተረጋገጠ» የሚለው ቃል ግን ፈንገሱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ በፓቶሎጂ ለታየበት ወይም ከዚያ ከተወሰደ ንጹሕ ናሙና ለተገኘበት ብቻ የተጠበቀ ነው፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል እዚህ ደረጃ መድረስ እጅግ ብርቅ ነው።

ሕመምተኛው ብሮንኮስኮፒን መሸከም ካልቻሉ፣ በቱቦው በኩል በጭፍን ካቴተር አስገብቶ የሚወሰደው እጥበት ሁለተኛ አማራጭ ነው። የኮቪዱ መስፈርት ይህን ናሙና ቢቀበለውም «ሊሆን ይችላል» በሚለው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጠው። ከቱቦው ተስቦ በወጣ አክታ ላይ የሚሠራ ጋላክቶማናን ግን ወሰኑ በበቂ ጥናት ስላልተረጋገጠ በእሱ ላይ ተመሥርቼ ውሳኔ አልሰጥም። በአክታ ላይ የበቀለው ካልቸር ደግሞ፣ እርስዎ እንዳገኙት ዓይነት፣ ለተጨማሪ ምርመራ የሚያነሳሳ ምልክት ነው፤ ብቻውን የምርመራ መደምደሚያ አይሆንም።

ቫይረሱ ኮቪድ ቢሆን ኖሮ ምክሬ በተወሰነ ደረጃ ይለወጥ ነበር። በኮቪድ ሕመምተኞች ላይ አስፐርጊለስ የሚታየው በአብዛኛው ዘግይቶ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳምንት ገደማ ከቆዩ በኋላ ነው። ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ ዴክሳሜታዞን በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን መስጠት የተለመደ ሕክምና ስለሆነና የሰውነትን መቆጣት የሚያበርደው ቶሲሊዙማብም ለብዙዎች ስለተጨመረ፣ አጋላጩ ነገር ከቫይረሱ ጉዳት ባሻገር ራሱ ሕክምናው ሆኗል። በሌላ በኩል፣ በኮቪድ በሞቱ ሰዎች አስከሬን ላይ የተሠሩ ምርመራዎች ተሰብስበው ሲታዩ በሥጋ ውስጥ የገባ ሻጋታ ፈንገስ የተገኘው በጥቂቶች፣ በመቶ 2 አካባቢ በሚሆኑት ላይ ነው፤ ይህ በሕይወት ካሉት ላይ በአክታና በእጥበት ናሙና ተመሥርተው ከወጡት ከፍተኛ ቁጥሮች በብዙ ያንሳል። ስለዚህ በኮቪድ ሕመምተኛ ላይ አንድ ደካማ ፖዘቲቭ ውጤት ሲገኝ ምርመራውን ደግሞ ማሠራትን እመርጣለሁ፤ በኢንፍሉዌንዛ ሕመምተኛ ላይ ግን ያው ውጤት ሕክምና ያስጀምረኛል።

በመንገድ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮችን በአጭሩ ልጥቀስ። በአክታ ላይ ካንዲዳ መብቀሉ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ካንዲዳ ሳንባን ማቁሰሉ ደግሞ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ለዚህ ተብሎ ፀረ ፈንገስ መስጠት አይገባም። ቤታ ዲ ግሉካን የሚባለው የደም ምርመራ ለብዙ ፈንገሶች የጋራ የሆነን ነገር ስለሚለካ የትኛው ፈንገስ እንደሆነ አይናገርም፤ ኩላሊት በሚያጥቡ አንዳንድ ማጣሪያዎች፣ በአልቡሚንና በኢሚዩኖግሎቡሊን ምክንያትም በሐሰት ከፍ ይላል። ጋላክቶማናንም ቢሆን ሂስቶፕላዝማን በመሰሉ ሌሎች ፈንገሶች ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ምርመራዎች ደግሞ ሚውኮር የሚባለውን ሌላ የሻጋታ ፈንገስ አያገኙም። በ2021 በሕንድ ከኮቪድ ማዕበል ጋር የተስፋፋው የሚውኮር በሽታ፣ ሚውኮርማይኮሲስ፣ በአብዛኛው አፍንጫና ዓይንን ያጠቃ ቢሆንም፣ ስኳር ያለባቸውና ስቴሮይድ የወሰዱ ሰዎች ሳንባም ከእርሱ አይድንም። የእርስዎ ሕመምተኛ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ይህ ከሐሳብዎ ሊወጣ አይገባም፤ ለአስፐርጊለስ የሚሰጠው ቮሪኮናዞል በሚውኮር ላይ አይሠራምና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሻገር፤ የጋላክቶማናን ምርመራ የሌላቸው ባልደረቦች እጃቸው ባዶ አይደለም። ከሁሉ በላይ ችላ የተባለው መሣሪያ በየላቦራቶሪው ያለው ማይክሮስኮፕ ነው። የእጥበት ናሙናውን በሴንትሪፉጅ አዙሮ፣ ዝቃጩን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አርሶ ማየት ወጪው አነስተኛ ነው፤ ውጤቱም በዚያው ቀን ይደርሳል። ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕና ካልኮፍሉዎር ኋይት የሚባለው ማቅለሚያ ካለ የበለጠ ይታያል። አስፐርጊለስ ቀጭን፣ በየክፍሉ ግድግዳ ያለው፣ በአጣዳፊ ማዕዘን ሹካ እየሠራ የሚሄድ ክር ሆኖ ይታያል፤ ሚውኮር ደግሞ ሰፊ፣ እንደ ሪባን የተጣጠፈ፣ ክፍልፋይ የሌለው ሊባል የሚችል፣ በቀጥተኛ ማዕዘን የሚከፈል ነው። ስፖር ብቻውን ከአየር ሊገባ ይችላል፤ በእጥበት ናሙና ውስጥ የሚታይ ክር ግን ፈንገሱ እዚያው እያደገ መሆኑን ይመሰክራል፤ እንዲህ ባለው ሕመምተኛ ላይ ይህን ካየሁ ሌላ ምርመራ አልጠብቅም። ለዚህ የላቦራቶሪ ባለሙያው ፈንገስ እንደተጠረጠረ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «የፈንገስ ክር ይታይ» ተብሎ ካልተጻፈ ናሙናው እንደ ማንኛውም አክታ ለባክቴሪያ ታይቶ ሊጣል ይችላል። ካልቸሩም ፈንገስ በሚበቅልበት በሳቡሮ መደብ ላይ በ37 ዲግሪ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆይ፤ ባክቴሪያው በሁለት ቀን ስለታወቀ ሳህኑ መጣል የለበትም። በአንድ ሰዓት ገደማ ውጤት የሚሰጥ፣ ትልቅ መሣሪያ የማይፈልግ የአስፐርጊለስ ፈጣን መመርመሪያም አለ፤ ሆስፒታሎች ግዢ ሲያቅዱ ከጋላክቶማናን ይልቅ ይህ ለእነርሱ የሚመች ይመስለኛል፤ ናሙና በተጠራቀመ ቁጥር ሳይሆን አንድ ሕመምተኛ ሲመጣ ወዲያው ሊሠራ ይችላልና።

ወደ ሕመምተኛዎ ስመለስ፣ ናሙናው እንደተወሰደ ቮሪኮናዞል በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በኪሎ 4 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ይጀመር። የልብ ምታቸው በኤሌክትሮካርዲዮግራም ይታይ፤ መድኃኒቱ የኪውቲ ርዝመትን ጨምሮ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላልና። ከማስተኛውና ከሕመም ማስታገሻው ከሚዳዞላምና ከፌንታኒል፣ ከልብ ምት መድኃኒቱ ከአሚዮዳሮንም ጋር ስለሚጋጭ የእነዚህ መጠን ይስተካከል። የመድኃኒቱን መጠን በደም መለካት በሚቻልበት ቦታ ከሚቀጥለው መጠን በፊት የሚወሰደው ናሙና ከ1 እስከ 5.5 ሚሊግራም በሊትር መካከል ይሁን፤ በጽኑ ሕሙማን ዘንድ ይህ መጠን ከቀን ቀን ስለሚዋዥቅ አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም። በማይክሮስኮፕ ሰፊ ክር ከታየ፣ ወይም ቮሪኮናዞል የማይበግረው አስፐርጊለስ በብዛት ባለበት አካባቢ ከሆኑ፣ በሊፖዞማል አምፎቴሪሲን ቢ ይተካ። የስኳር መጠናቸው በጥብቅ ይያዝ፤ ስቴሮይድ እየወሰዱ ከሆነም ምክንያቱ እንደገና ይመርመር፤ ለኢንፍሉዌንዛ ተብሎ የሚሰጥ ስቴሮይድ ጥቅሙ አልተረጋገጠምና።

የእጥበቱ ጋላክቶማናን፣ ማይክሮስኮፕና ካልቸር ሁሉም ኔጌቲቭ ሆነው ከመጡ፣ በአየር ቧንቧውም ላይ ንጣፍ ወይም ቁስል ካልታየ፣ መድኃኒቱን ያቁሙ፤ ሁኔታቸው ከተባባሰ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ብሮንኮስኮፒውን ይድገሙት። ፖዘቲቭ ከሆኑ ሕክምናው ቢያንስ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት እንደሚቆይ፣ ከጽኑ ሕክምና ክፍል ሲወጡም እንዳይቋረጥ ለሚረከበው ክፍል በጽሑፍ ያስተላልፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሲቲ ስካን ላይ ጥላው ቢሰፋ ወዲያው መድኃኒቱ አልሠራም ብለው አይለውጡት፤ የሳንባው ሥዕል ከሕመምተኛው መሻሻል ወደኋላ ሊቀር ይችላልና፣ ትኩሳቱንና የኦክስጅን ፍላጎቱን ይከተሉ።